የአባት ነፍጥ፦ ማኖርና መሸጥ በሕግ ዓይን

ጥያቄ፦ የምንኖረው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ነው። አባታችን በቅርቡ አረፉ። ቤት ውስጥ በስማቸው ፈቃድ የወጣበት ክላሽና ከአያታችን የቆየ አሮጌ ምንሽር አለ። ታናሽ ወንድሜ «የቤተሰብ ንብረት ነው፤ ዝም ብለን እናኑረው» ይላል። ኮምቦልቻ ያለ ዘመዳችን ደግሞ ክላሹን ልግዛችሁ ብሎናል። አንድ መሣሪያ አንዴ መሸጥ ንግድ ነው? ማኖሩስ ያስጠይቀናል?

መልስ፦ ፈጣሪ ያጽናችሁ። አጭሩ መልስ ይህ ነው፦ ክላሹን ለዘመድም ቢሆን በራሳችሁ ውል መሸጥ አትችሉም። ሁለቱንም በስማችሁ ፈቃድ ሳይኖር አኑሮ መቀመጥም ያስጠይቃል።

ፈቃዱ ከሰው ጋር ነው

ጉዳዩ የሚዳኘው በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። የአዋጁ መነሻ ክልከላ ነው፤ መሣሪያ መያዝ የሚቻለው ፈቃድ ሲኖር ብቻ ነው። ፈቃዱም አንድን መሣሪያ ከአንድ ሰው ጋር ያስተሳስራል። የአባታችሁ ፈቃድ እሳቸው በሕይወት ሳሉ ክላሹን ሕጋዊ አድርጎት ነበር፤ እናንተን ግን ባለፈቃድ አያደርጋችሁም። ቤቱንና መሬቱን የወረሰ ልጅ ነፍጡንም በዚያው መንገድ የወረሰ እየመሰለው ስንት ሰው ፖሊስ ጣቢያ ደጃፍ ላይ ደንግጧል።

አዋጁ አንድ ግለሰብ ከአንድ በላይ መሣሪያ እንዲይዝም አይፈቅድም። ስለዚህ ክላሽ፣ ምንሽርና ሽጉጥ ደርድሮ «የግል ስብስቤ ነው» ማለት በእኛ ሕግ መከላከያ አይሆንም። አሜሪካ ዘመድ ካላችሁ ሌላ ሊነግራችሁ ይችላል። እዚያ እ.ኤ.አ. የ1968ቱ የፌዴራል የጦር መሣሪያ ሕግ በነጋዴና በሰብሳቢ መካከል ልዩነት ያደርጋል፤ ከግል ስብስቡ አልፎ አልፎ የሚሸጥ ሰው የነጋዴ ፈቃድ ላያስፈልገው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ማሻሻያም ለትርፍ የሚሸጠውን ሰው ወደ ነጋዴው ወገን ይበልጥ አስጠግቶታል። እኛ አገር ግን ይህ ክርክር ቦታ የለውም።

«አንድ ጊዜ ብቻ» የሚባል ሽያጭ

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 481 ያለ ፈቃድ መሣሪያ ማስገባትን፣ ማጓጓዝን፣ ማከማቸትን፣ መደበቅንና ለሽያጭ ማቅረብን ይከለክላል። ልብ በሉ፤ ገንዘብ እጅ ባይገባም ለሽያጭ ማቅረቡ ራሱ ተጠቅሷል። ሥራዬ ብሎ የሚነግድ ሰው ቅጣቱ ይከብድበታል፤ ይህ ማለት ግን አንዴ የሸጠ ነፃ ነው ማለት አይደለም። ገዢውም ሆነ አገናኙ ደላላ ከተጠያቂነት አያመልጡም።

ሌላም አደጋ አለ። በክላሹ ብረት ላይ የተቀረጸው ቁጥር በአባታችሁ ፈቃድ ላይ ሰፍሯል። ነገ በዚያ መሣሪያ ሰው ቢሞት መርማሪው ቁጥሩን ተከትሎ የሚመጣው እናንተ ደጅ ነው። በሽማግሌዎች ፊት የተጻፈ የሽያጭ ወረቀት አያድናችሁም፤ እንዲያውም ለመሸጣችሁ ማስረጃ ይሆናል።

ምንሽሩስ?

እርጅናው ብቻውን ከመሣሪያነት አያወጣውም። ታሪካዊ ዋጋ ካለው ግን የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አብሮ ይታያል። አዋጁ ቅርስ በግለሰብ እጅ እንዲቆይ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን መመዝገብ አለበት፤ ያለ ፈቃድም ከአገር አይወጣም። ቅርስ ነው አይደለም የሚለውን የሚወስነው የዘርፉ ባለሙያ ነውና ለከተማው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አመልክቱ። በ2014 ጦርነት የደሴ ሙዚየም በተዘረፈበት ከተማ፣ የአያትን ነፍጥ በሕግ አስመዝግቦ ማቆየት ለትውልድም ውለታ ነው።

በዚያው ጦርነት ሜዳ ላይ ተገኝቶ ቤት የገባ መሣሪያ ካለ ጉዳዩ ይለያል። «ያገኘሁት ነው» ማለት ባለቤት አያደርግም፤ ሳይውል ሳያድር ለፖሊስ ማሳወቅ ነው።

ምን ታድርጉ?

መሣሪያውን ታቅፋችሁ መንገድ አትውጡ፤ ኬላ ላይ ብትያዙ «ላስረክብ ነው» ማለቱ ላያሳምን ይችላል። መጀመሪያ የአባታችሁን ፈቃድ፣ የሞት ምስክር ወረቀትና የወራሽነት ማስረጃ ይዛችሁ ፖሊስ ጣቢያ ሂዱና በጽሑፍ አመልክቱ። ማመልከቻው ላይ የመሣሪያውን ዓይነት፣ ቁጥር፣ የካዝናውንና የጥይቱን ብዛት ጻፉ፤ ቅጂው ላይ የገቢ ማኅተም አስመቱ። ከእናንተ አንዳችሁ መስፈርቱን አሟልታችሁ በስማችሁ ፈቃድ መጠየቅ ትችሉ እንደሆነ ጠይቁ። የምታስረክቡ ከሆነ ቁጥሩ የሰፈረበት ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትመለሱ።

ፖሊስ ቀድሞ ቢመጣ

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 ቤታችሁን ከዘፈቀደ ፍተሻ ይጠብቃል። መርሑ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው፤ ፍተሻውም ፍርድ ቤቱ ለይቶ ካላዘዘ በቀር ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ይከናወናል። ነገር ግን ከ3 ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል ትእዛዙ እስኪወጣ ማስረጃው ሊሸሽ ይችላል ተብሎ ሲጠረጠር ያለ ትእዛዝ የሚፈተሽበት ሁኔታ አለ። ስለዚህ በር ላይ አትታገሉ፤ ትእዛዙን ለማየት ጠይቁ፣ የተያዘው ዕቃ በዝርዝር ሲጻፍ ቁሙ፣ ያላመናችሁበትን አትፈርሙ።

የተያዘ ሰው በአንቀጽ 19 መሠረት ያለመናገር መብት አለው፤ ለጉዞ የሚያስፈልገው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ዋስትናም መጠየቅ ይችላል። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በሚታወጅበት ጊዜ ግን፣ በሐምሌ 2015 በክልላችን እንደታየው፣ አንዳንዶቹ መብቶች ሊገደቡ ይችላሉ።

ለዘመዳችሁ ዛሬውኑ «አንሸጥም» በሉት፤ ነገ ጠዋት ደግሞ ማመልከቻውን ይዛችሁ ጣቢያ ሂዱ። ቀድሞ ያሳወቀ ሰው የሚያስረዳው አመልካች ሆኖ ነው፤ የዘገየ ግን ተከሳሽ ሆኖ ይከራከራል።