ለሙሽራ አበባ የሚሆን ሽቦ እንዴት እንመርጣለን?

ሐዋሳ በሐይቅ ዳር ያለች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ናት። በጥር ወርና ከፋሲካ በኋላ ሠርግ ይበዛል። ሙሽሮች ከነሚዜዎቻቸው ወደ ሐይቁ ዳር ወርደው ፎቶግራፍ ይነሣሉ። ያን ጊዜ ሙሽራይቱ በእጇ እቅፍ አበባ ትይዛለች።

አንዳንዱ እቅፍ ከተክል የተቀጠፈ አበባ ነው። እሱ ወዲያው ይጠወልጋል። አንዳንዱ ደግሞ ክሪስታል ከሚባለው አንጸባራቂ ዶቃ በእጅ የተሠራ ነው። ይህኛው አይጠወልግም። ሙሽራይቱ አስቀምጣ ለልጆቿ ታሳየዋለች። ሥራው ትልቅ መሣሪያ አይጠይቅም። ዶቃ፣ ሽቦ፣ ፒንሳና ትዕግሥት ካለን በቤታችን ልንሠራው እንችላለን። ከእርሻ ሥራ በተረፈ ጊዜ ገቢ ለሚፈልግ ሰው ጥሩ ሙያ ነው።

ዶቃውን ሁሉም ያየዋል። ሽቦውን ግን ማንም አያየውም። ታዲያ ሽቦው መጥፎ ከሆነ ምን ይሆናል? በሠርጉ ቀን አበባው ይዘነበላል፤ ዶቃው መሬት ላይ ይበተናል። ነጩ ቀሚስ በዝገት ይቆሽሻል። የሠራው ሰው ገንዘቡንም ስሙንም ያጣል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባል የለም? ስለዚህ ሽቦን አውቀን እንምረጥ።

ሽቦ ሁሉ አንድ አይደለም

1. ጥቁር የብረት ሽቦ። ግንበኞች ፌሮ የሚያስሩበት ነው። ለስላሳ ነው፤ እንደ ልብ ይታጠፋል። ነገር ግን እጅ ያጠቁራል፤ ቶሎም ይዝጋል። ብረት የሚዝገው አየርና እርጥበት ሲያገኝ ነው። የእጅ ላብም እርጥበት ነው። ስለዚህ ይህ ሽቦ ለሙሽራ አበባ አይሆንም።

2. ዚንክ የተቀባ የብረት ሽቦ። የቤታችንን ክዳን ቆርቆሮ እናስታውስ። ቆርቆሮው ዝናብ እየመታው ቶሎ የማይዝገው ዚንክ ስለተቀባ ነው። ይህም ሽቦ እንደዚያው ነው። ጠንካራ ስለሆነ ለአበባው ግንድ ይስማማል። ዚንኩ ተፍቆ ካለቀ ግን እንደ አሮጌ ቆርቆሮ ይዝጋል።

3. የመዳብ ሽቦ። ለስላሳ ነው፤ እንደ ብረት ቀይ ዝገት የለውም። ዶቃ ለመሰካትና ቅጠል ለመሥራት ተስማሚ ነው። ባዶውን ሲቆይ ግን ይጠቁራል፤ እርጥበት ካገኘው አረንጓዴ ይሆናል። በሞተር ውስጥ የሚጠነጠነው መዳብ ቀለም መሰል ልባስ ስላለው ከዚህ ይድናል።

4. የአሉሚኒየም ሽቦ። በጣም ቀላል ነው፤ ቀይ ዝገት የለውም። ነገር ግን ቀጭኑ ቶሎ ይጎብጣል፤ ደጋግመው ካጠፉትም ይሰበራል።

ውፍረትና ክብደት

የሽቦ ውፍረት በሚሊሜትር ይለካል። አንዳንድ ነጋዴ ግን በቁጥር ይጠራዋል። እዚህ ላይ እንጠንቀቅ። ቁጥሩ ሲጨምር ሽቦው ይቀጥናል። 28 ቁጥር ሽቦ ከ20 ቁጥር ሽቦ የቀጠነ ነው። የቁጥሩ አቆጣጠርም አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ስለዚህ ናሙና ይዘን ብንሄድ ይሻላል።

ዶቃ ለመሰካት 0.3 ወይም 0.4 ሚሊሜትር ይበቃል። ለግንድ 1 ሚሊሜትር ያህል ያስፈልጋል። ሽቦው በዶቃው ቀዳዳ ሁለት ጊዜ ማለፍ አለበት። የቀዳዳው ስፋት 1 ሚሊሜትር ከሆነ፣ 0.4 ሚሊሜትር ሽቦ ሁለቴ ያልፋል። የ0.6 ግን አያልፍም።

ውፍረቱን በእጥፍ ብናሳድገው ሽቦው ላለመጉበጥ ያለው ኃይል 16 ጊዜ ይበልጣል። ክብደቱ ግን 4 ጊዜ ብቻ ያድጋል። ቀጭን ሽቦ ብቻ ካለንስ? ሁለት ሦስቱን አንድ ላይ እንግመድ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የለም?

አሁን ክብደቱን እናስላ። እቅፉ 20 ግንድ ይኑረው፤ አንዱ ግንድ 25 ሳንቲ ሜትር ይሁን። በጠቅላላው 5 ሜትር ሽቦ ነው። የ1 ሚሊሜትር ሽቦ ከሆነ፣ መዳቡ 35 ግራም፣ ብረቱ 31 ግራም፣ አሉሚኒየሙ 11 ግራም ያህል ይመዝናል። 8 ሚሊሜትር ስፋት ያለው 200 ድቡልቡል የመስታወት ዶቃ 130 ግራም ይደርሳል። የፕላስቲኩ ግን ከዚያ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ለመስታወት ዶቃ ጠንካራ ግንድ እንምረጥ።

መስታወቱን ከፕላስቲኩ በምን እንለያለን? መስታወት ሲነኩት ይቀዘቅዛል፤ ሲያጋጩት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። የቀዳዳው ጠርዝ ስለት ካለው ቀጭን ሽቦ ይበጥሳል። እንዲሁም በአንዳንድ ክሪስታል ውስጥ እርሳስ የሚባል መርዘኛ ማዕድን አለ። ሕፃናት ወደ አፋቸው እንዳይከቱት እንጠብቅ።

ሽቦ ለምን ይሰበራል?

ሽቦን በአንድ ቦታ ወዲያና ወዲህ ስናጥፈው እየጠነከረ ይሄዳል። በመጨረሻም ቀጭ ይላል። ስለዚህ አንዴ ያጠፍነውን ደጋግመን አናቃና። የደረቀ ባዶ የመዳብ ሽቦ በከሰል እሳት እስኪቀላ ሞቆ ሲቀዘቅዝ ይለሰልሳል። ዚንክ የተቀባውን ግን እሳት ውስጥ አንክተት። ጭሱ ያሳምማል።

መዳብ ለማግኘት ብለን የኤሌክትሪክ ገመድ አናቃጥል። የፕላስቲኩ ጭስ መርዝ ነው። ልባሱን በቢላዋ እንላጠው። ከምሰሶ ላይ ያለውንማ ፈጽሞ አንንካ። ኤሌክትሪክ ይገድላል።

ከመግዛታችን በፊት እንፈትን

ብዙ ሳንገዛ አንድ ክንድ ሽቦ ብቻ እንውሰድ።

በነጭ ጨርቅ እንሸው። ጨርቁ ከጠቆረ ቀሚሱም ይጠቁራል።

ጨው ባለው እርጥብ ጨርቅ ጠቅልለን እናሳድረው። ጠዋት ቀይ ዝገት ካየን እንተወው።

በአንድ ቦታ አጥፈን እናቃና፤ ስንት ጊዜ እንደቻለ እንቁጠር። ከሁለቱ ሽቦ ብዙ የቻለውን እንያዝ።

ጫፉ ላይ ዶቃ ሰክተን ቀጥ አድርገን እንያዘው። ከጎበጠ ለግንድነት አይሆንም።

እንግዲህ ባጭሩ ለግንዱ ዚንክ የተቀባ ብረት፣ ለዶቃው ልባስ ያለው ቀጭን መዳብ እንምረጥ። የሽቦውን ጫፍ ወደ ውስጥ አጥፈን እጀታውን በጥብጣብ እንጠቅልል። አለዚያ የሙሽራይቱን እጅ ይወጋል። በሽቦ ላይ ጥቂት ብር ለማትረፍ ብለን የብዙ ቀን ድካማችንን አናበላሽ።

ጥያቄዎች

1. ጥቁር የብረት ሽቦ ለሙሽራ አበባ የማይሆነው ለምንድን ነው?
2. የሽቦው ቁጥር ሲጨምር ውፍረቱ ምን ይሆናል?
3. የቀዳዳው ስፋት 1 ሚሊሜትር በሆነ ዶቃ 0.5 ሚሊሜትር ሽቦ ሁለቴ ያልፋል? በእጃችሁ ሞክሩት።
4. በአካባቢያችሁ የትኛው ሽቦ ይገኛል? በአራቱ መንገድ ፈትናችሁ ተወያዩበት።