ኳሱን ማን ይምታ?

በእግር ኳስ ጨዋታ አንድ ተጫዋች በራሱ ግብ ፊት ባለው ክልል ውስጥ ከባድ ጥፋት ቢያጠፋ፥ ዳኛው ለተቃራኒው ወገን ፍጹም ቅጣት ምት ይሰጣል። ኳሱ ከግቡ 11 ሜትር ርቆ ይቀመጣል። የግቡ ስፋት 7 ሜትር ከ32 ሳንቲሜትር፥ ቁመቱም 2 ሜትር ከ44 ሳንቲሜትር ነው። በዚህ ሰፊ በር የሚቆመው በረኛው ብቻ ነው። ደግሞም ጨዋታው በእኩል አልቆ አሸናፊውን መለየት የግድ ሲኾን፥ ከየወገኑ 5 ሰዎች በተራ ይመታሉ።

ነገሩ ለሚያየው ሰው ቀላል ይመስላል፤ ለሚመታው ግን ቀላል አይደለም። ሕዝቡ ኹሉ ዝም ብሎ ይመለከተዋል፤ ልቡ ድው ድው ይላል፥ ጕልበቱም ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ለዚህ ሥራ ዝናና ጕራ አይበቃም። ብዙ ቀን የተለማመደ፥ ወዶ የተነሣ፥ ኳሱን የሚልክበትንም ስፍራ አስቀድሞ የቈረጠ ሰው ይምታ። እንዲህ ያለው ሰው ፊሽካው ሲነፋ አይቸኵልም፤ ትንፋሹን ይሰበስባል፤ በረኛው እጁን ቢያወናጭፍም ሐሳቡን አይለውጥም። «ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል» እንዲሉ፥ ይህ ችሎታ በአንድ ቀን አይገኝም።

ነገር ግን የተለማመደም ሰው ይስታል። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1994 ዓ.ም. የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ በአሜሪካ አገር በፓሳዴና ከተማ ተደረገ። ብራዚልና ኢጣልያ 120 ደቂቃ ተጫውተው አንድም ግብ ሳያገቡ ቀሩ፤ ስለዚህ በቅጣት ምት ሊለዩ ኾነ። ከኢጣልያ ወገን በመጨረሻ የመጣው ሮቤርቶ ባጂዮ ነበረ። ይህ ሰው ከፍጻሜው በፊት በነበሩት ሦስት ጨዋታዎች 5 ግብ አግብቶ ወገኑን እስከዚያ ያደረሰ ነው። ባጂዮ ኳሱን መታ፤ ኳሱም ከግቡ በላይ አልፎ ሄደ። ብራዚል 3 ለ2 አሸነፈች። እርሱም እጆቹን በወገቡ ላይ አድርጎ፥ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ከእርሱ በፊት ኹለት ጓደኞቹ ደግሞ ስተው ነበር፤ ብዙ ሰው ግን የሚያስታውሰው የመጨረሻውን ነው።

ከ4 ዓመት በኋላ፥ በ1998 ዓ.ም.፥ ኢጣልያ በፈረንሳይ አገር በቦርዶ ከተማ ከቺሌ ጋራ ተጫወተች። ቺሌ 2 ለ1 ስትመራ፥ ጨዋታውም ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው፥ ለኢጣልያ ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠ። ባጂዮ «ሌላ ሰው ይምታ» ብሎ ቢሸሽ ኖሮ ማን በፈረደበት? እርሱ ግን ቀርቦ መታ፤ ኳሱም ገባ፥ ጨዋታውም በእኩል አለቀ። በዚያው ውድድር ኢጣልያና ፈረንሳይ በቅጣት ምት ሲለዩ፥ ከኢጣልያ ወገን መጀመሪያ የመታው ባጂዮ ነበረ፤ አገባም። ያን ቀን ኢጣልያ 4 ለ3 ተሸነፈች፤ እርሱ ግን ድርሻውን ፈጸመ።

እንግዲህ ኳሱን መምታት የሚገባው ከቶ የማይስት ሰው አይደለም፤ እንደዚያ ያለ ሰው አይገኝምና። ተግቶ የሚለማመድ፥ ቢስትም ኀዘኑን ታግሦ ደግሞ የሚነሣ ሰው ነው። ጓደኞቹም በሳተ ጊዜ ሊሰድቡት አይገባም፤ ለኹሉ የከበደውን ሸክም እርሱ ተቀብሏልና።

ተማሪም በመምህሩ ፊት ቆሞ ሲያነብ ቃል ቢሳሳት፥ በማግሥቱ እጁን ማንሣት አይተው። ባልንጀራው ሲሳሳት የሚስቅ ልጅ ደግሞ፥ ነገ ተራው የራሱ እንደ ኾነ ያስብ።