የማነጻጸሪያ ድርሰት፦ የሠርግ ምግብ ምን ይናገራል?

ሀ. መግቢያ

ባለፈው ትምህርት አንድን ነገር ለብቻው እንዴት መግለጽ እንደሚቻል ተምራችኋል። በዚህ ትምህርት ደግሞ የብዙ ነገሮችን ተመሳሳይነትና ልዩነት እያሳያችሁ መጻፍን ትማራላችሁ። ማነጻጸር መዘርዘር አይደለም። ነገሮቹ የሚለኩበት የጋራ መስፈርት ከሌለ ጽሑፉ የአስቤዛ ዝርዝር ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የሚከተለውን ምንባብ ስታነቡ «ምግቦቹ የተነጻጸሩት በምን መስፈርት ነው?» የሚለውን ጥያቄ በልቡናችሁ ያዙ።

ለ. ምንባብ

ሠርግ ባለበት ሁሉ ድግስ አለ። የድግሱ ዐይነት እንደየአገሩ አዝመራና እንደየሕዝቡ እምነት ይለያያል። ይሁን እንጂ በብዙ ሕዝቦች ዘንድ ከሚቀርበው ሁሉ መካከል ለመጥገቢያ ሳይሆን ለመልእክት የሚቀርብ ምግብ ወይም መጠጥ ይገኛል። መልእክቱ የሚተላለፍባቸውን መንገዶች በአራት ከፍሎ ማየት ይቻላል።

የመጀመሪያው መንገድ የምግቡ ባሕርይ ነው። በፖላንድ ወላጆች አዲሶቹን ሙሽሮች በዳቦና በጨው ይቀበላሉ። ዳቦው «ረኀብ አይድረስባችሁ» የሚል ምርቃት ሲሆን፣ ጨው የኑሮን ችግር ተጋግዞ መሸከም እንደሚያስፈልግ ያሳስባል። በሞሮኮ በአንጻሩ ለሙሽሮች የሚቀርበው ተምርና ወተት ነው። የተምሩ ጣፋጭነት የመልካም ኑሮ፣ የወተቱ ንጣት የንጽሕና ምልክት ነው።

ሁለተኛው መንገድ የምግቡ ስም ነው። በቻይና ልማድ በሙሽሮቹ አልጋ ላይ የቁርቁራ ዘመድ የሆነ ቀይ ፍሬ፣ ኦቾሎኒና ሌሎችም ፍሬዎች ይደረጋሉ። በቻይንኛ የቀዩ ፍሬ ስም «ቶሎ» ከሚለው ቃል ጋር በድምፅ ይመሳሰላል። በኦቾሎኒ ስም ውስጥ ደግሞ «መውለድ» የሚል ትርጉም ያለው ድምፅ ይገኛል። ስለዚህ ፍሬዎቹ በአንድ ላይ ሲቀመጡ «ቶሎ ውለዱ» የሚል ምርቃት ይሆናሉ። በእኛ ቅኔ ኅብረ ቃል ሰሙንና ወርቁን በአንድ ቃል እንደሚይዝ ሁሉ፣ በዚያም ፍሬው ሰም፣ ምርቃቱ ወርቅ ነው።

ሦስተኛው መንገድ ቁጥር ነው። በጣሊያን ሙሽሮች ለእንግዶቻቸው በስኳር የተለበጠ ለውዝ ይሰጣሉ፤ ቁጥሩም ብዙውን ጊዜ 5 ነው። አምስቱ ፍሬዎች የጤና፣ የሀብት፣ የደስታ፣ የልጅና የረዥም ዕድሜ ምኞቶች ናቸው። አምስት ለሁለት እኩል ስለማይከፈል የጋብቻውን አለመለያየትም ያመለክታል። እንደዚሁም በጃፓን የሺንቶ ሥርዓት ሙሽሮቹ ከሩዝ የተጠመቀ መጠጥ በ3 ጽዋዎች ይቀርብላቸውና ከእያንዳንዱ 3 ጊዜ፣ በጠቅላላው 9 ጊዜ ይጎነጫሉ። እጅግ የተራራቁት ሁለቱ አገሮች በጎዶሎ ቁጥር መናገራቸው ያመሳስላቸዋል።

አራተኛው መንገድ ድርጊት ነው። በናይጄርያ የኢግቦ ሕዝብ ዘንድ አባት ከዘንባባ ዛፍ የተቀዳ መጠጥ በዋንጫ ለልጁ ይሰጣል። ሙሽራይቱም ዋንጫውን ይዛ በእንግዶች መካከል ሙሽራውን ትፈልጋለች። ሌሎች ወንዶች «ለእኔ ስጪኝ» እያሉ ቢጠሯትም አልፋቸው ትሄዳለች። ሙሽራውን ስታገኘው ቀምሳ ትሰጠዋለች፤ እርሱም ይጠጣል። በዚህም ፈቃዷን ያለ ንግግር በሕዝብ ፊት ትገልጻለች።

በአገራችንም ሠርግ ሲደገስ በሬ ይታረዳል፤ ዶሮ በ12 ብልት ተበልቶ ይሠራል፤ ጠላ ይጠመቃል፤ ጠጅ ይጣላል። ሙሽሮቹ ግን አንድነታቸውን የሚገልጹት እርስ በርስ በመጎራረስ ነው። ለጉርሻ የሚበቃው ደግሞ አንድ ቁራሽ እንጀራ ነው።

እንግዲህ መልእክት ተሸካሚዎቹን ምግቦች አንድ የሚያደርጋቸው ምንድን ነው? ጨው፣ ተምር፣ አምስት ፍሬ ለውዝ፣ አንድ ዋንጫ፣ አንድ ጉርሻ፦ ሁሉም ትንሽና ርካሽ ናቸው። ብዙ ቤተሰብን ለብድር የሚዳርገው «ከእገሌ ሠርግ አነሰ እንዳይባል» ተብሎ የሚጨመረው ነው። ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ መብላቱ የተገባ ነው፤ የተወደደም ነው። ሆኖም ሙሽሮች ጎጇቸውን በዕዳ እንዲጀምሩ የሚያስገድድ የየትኛውም ሕዝብ ምልክት የለም።

ሐ. የሰዋስው ማብራሪያ

የሚከተሉትን ሁለት አጻጻፎች አስተያዩ።

1. ፖላንዳውያን ዳቦና ጨው ያቀርባሉ። ሞሮኮዎች ተምርና ወተት ያቀርባሉ።
2. ፖላንዳውያን የኑሮን ችግር በጨው ሲያሳስቡ፣ ሞሮኮዎች ግን በተምር ጣፋጭ ኑሮን ይመኛሉ።

በተራ ቁጥር 1 ሁለት ወሬዎች ተከታትለው ተቀምጠዋል እንጂ አልተነጻጸሩም። በተራ ቁጥር 2 ግን «ሲያሳስቡ» የሚለው ጥገኛ ግስና «ግን» የሚለው መስተጻምር ሁለቱን ሐሳቦች አያይዘው ልዩነታቸውን አጉልተዋል። ዋናው ግስ «ይመኛሉ» እንደ አማርኛ ሥርዓት በመጨረሻ መጥቶ ዐረፍተ ነገሩን አስሮታል።

ተመሳሳይነትን ለማሳየት «እንደ… ሁሉ»፣ «እንደዚሁም»፤ ልዩነትን ለማሳየት «ግን»፣ «ይሁን እንጂ»፣ «በአንጻሩ»፣ «ሲሆን» ያገለግላሉ። ያለ ቦታቸው ከገቡ ግን ሐሳብን ያዛባሉ። ተመሳሳይ ነገሮችን «በአንጻሩ» ብሎ የሚያያይዝ ጸሐፊ አንባቢውን ያሳስታል።

መ. መልመጃ

1. በምንባቡ ውስጥ ተመሳሳይነትንና ልዩነትን የሚያሳዩትን ቃላት በሁለት ረድፍ ለይታችሁ ጻፉ።
2. የጃፓኑና የኢግቦው ሥርዓቶች ሁለቱም በመጠጥ ይፈጸማሉ። ታዲያ በተለያየ ክፍል የተመደቡት ለምንድን ነው?
3. ጉርሻንና የኢግቦውን ዋንጫ በ«እንደ… ሁሉ» አነጻጽራችሁ አንድ ዐረፍተ ነገር ሥሩ።
4. በመጨረሻው አንቀጽ የቀረበውን ሐሳብ ትደግፋላችሁ? ምክንያታችሁን በሦስት ዐረፍተ ነገር አስረዱ።

ሠ. ድርሰት

በአካባቢያችሁ ለሠርግ የሚቀርበውን አንድ ምግብ ወይም መጠጥ ምረጡ። ትርጉሙን ከእናቶችና ከአባቶች ጠይቃችሁ መዝግቡ። ከዚያም ከሌላ አካባቢ ወይም ከሌላ ብሔረሰብ ሠርግ ምግብ ጋር በማነጻጸር ሦስት አንቀጽ ያለው ድርሰት ጻፉ። ብዕራችሁን ከማንሣታችሁ በፊት መስፈርታችሁን በአንድ ዐረፍተ ነገር አስቀምጡ። መስፈርቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር መግለጽ ካቃታችሁ ገና ለመጻፍ አልተዘጋጃችሁምና ተመልሳችሁ ጠይቁ።