በማሳያ ቁም ሣጥን ውስጥ ስለሚቀመጥ የመስተዋት መደርደሪያ አደጋገፍ

በአንድ ከተማ ዋና መንገድ ላይ የሚያልፈውን ሰው ዓይን ከሚስቡት ነገሮች አንዱ በመስተዋት ውስጥ ተደርድሮ የሚታየው ዕቃ ነው። ወርቅ ሠሪው ጌጡን፥ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ጠርሙሱን፥ ኬክ ቤቱ ጣፋጩን፥ ትምህርት ቤቱ ዋንጫውን፥ ቤተ መዘክሩም የአባቶችን ቅርስ የሚያሳየው በመስተዋት መደርደሪያ ላይ ነው። መስተዋት ብርሃንን ስለሚያሳልፍ ከላይ ያለው ዕቃ ከታች ያለውን አያጨልመውም፤ ለማጽዳት ይቀላል፤ ምስጥና ነቀዝም አይደፍሩትም። ነገር ግን መስተዋት እንደ እንጨት ቀስ በቀስ እየሰነጠቀ ባለቤቱን የሚያስጠነቅቅ አይደለም፤ የተሰበረ እንደ ሆነ በአንድ ቅጽበት ይሰበራል። ስለዚህ መደርደሪያው የሚያርፍበት ድጋፍ አስቀድሞ ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

በእንደዚህ ያለ ቁም ሣጥን ላይ ዘወትር የሚታዩት ጉድለቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው የመደርደሪያው መውደቅ ወይም መሰበር ሲሆን፥ ሁለተኛው ሰው ሲራመድ ወይም ከባድ መኪና ሲያልፍ የሚሰማው መንቀጫቀጭ ነው። ብዙ ሰዎች ሁለተኛውን እንደ ቀላል ነገር ቈጥረው ይተዉታል። ይሁን እንጂ የሁለቱ ጉድለቶች ሥር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። የሚንቀጫቀጭ መስተዋት ከድጋፎቹ ባንዱ ላይ በደንብ ያላረፈ ነው፤ በደንብ ያላረፈም ክብደቱን በቀሩት ላይ ይጥላል። እንግዲህ ድምፁ የሚያስቸግር ጩኸት ብቻ ሳይሆን ጉድለትን የሚያመለክት ጥሪ ነው።

ስለ ክብደትና ስለ ውፍረት

በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት የመስተዋቱ የራሱ ክብደት ነው። ርዝመቱም ወርዱም 1 ሜትር የሆነ መስተዋት በያንዳንዱ ሚሊሜትር ውፍረቱ 2 ኪሎ ተኩል ይመዝናል። በዚህም ስሌት ርዝመቱ 80፥ ወርዱ 25 ሴንቲሜትር፥ ውፍረቱ 6 ሚሊሜትር የሆነ መደርደሪያ አንዳች ዕቃ ሳይቀመጥበት 3 ኪሎ ይሆናል። በላዩ ግማሽ ሊትር የሚይዙ 12 ጠርሙሶች ቢቀመጡ በውስጣቸው ያለው ፈሳሽ ውሃ ቢሆን እርሱ ብቻ 6 ኪሎ ይጨምራል፤ የጠርሙሶቹም ክብደት ገና አልተቈጠረም።

ሁለተኛው ነገር የውፍረትና የርዝመት ኀይል ነው። መስተዋቱ በሁለቱ ጫፎቹ ላይ ብቻ አርፎ ሳለ ውፍረቱ ዕጥፍ ቢሆን የመጕበጡ መጠን ወደ ስምንተኛ እጅ ይወርዳል። እንዲሁም በተቃራኒው፥ ክብደቱ ሳይለወጥ በድጋፎቹ መካከል ያለው ርቀት ዕጥፍ ቢሆን መጕበጡ ስምንት ዕጥፍ ይሆናል። ለምሳሌ ከዚህ በላይ የተጠቀሰው 80 ሴንቲሜትር መደርደሪያ 10 ኪሎ ዕቃ በእኩል ተዘርግቶ ቢቀመጥበት፥ ውፍረቱ 6 ሚሊሜትር ከሆነ መካከሉ ወደ 3 ሚሊሜትር ገደማ ይጐብጣል፤ 8 ሚሊሜትር ከሆነ ግን መጕበጡ ከ1 ሚሊሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው። በዚህ ርዝመትና በዚህ ጭነት 6 ሚሊሜትር የሆነው ተራ መስተዋት ለብዙ ጊዜ ሊሸከመው ከሚገባው መጠን ጫፍ ላይ የደረሰ ስለ ሆነ 8 ሚሊሜትሩን መምረጥ ይሻላል። ርቀቱን ለማሳጠር በቁም ሣጥኑ ጀርባ መካከል ላይ አንድ ተጨማሪ ድጋፍ ማቆምም ይጠቅማል። ከባዱም ዕቃ በመካከል ሳይሆን በድጋፎቹ አጠገብ ቢቀመጥ ጭንቀቱ ይቀንሳል።

ስለ መስተዋቱ ዓይነት

ተራ መስተዋት ሲሰበር ስለታምና ረጃጅም ስብርባሪ ይሆናል። በእሳት ግሎ በነፋስ ባንድ ጊዜ እንዲቀዘቅዝ የተደረገው ጠንካራ መስተዋት ግን ከተራው እስከ አራት ዕጥፍ የሚደርስ ጭነት ይችላል፤ የተሰበረም እንደ ሆነ እንደ በቆሎ ፍሬ ወደ ደቃቃ ቍርጥራጭ ይለወጣል። ስለዚህ ሕፃናት በሚመላለሱበት ሱቅና ትምህርት ቤት ይህ ዓይነቱ ይመረጣል። ነገር ግን ሁለት ነገር መዘንጋት የለበትም። አንደኛ፥ ጠንካራው መስተዋት ከተሠራ በኋላ ሊቈረጥም ሊበሳም አይቻልም፤ ልኩ ሁሉ አስቀድሞ መሰጠት አለበት። ሁለተኛ፥ መሰበርን ይቋቋማል እንጂ ከተራው መስተዋት ያነሰ አይጐብጥም፤ ስለዚህ ጠንካራ ነው ተብሎ ውፍረቱን መቀነስ አይገባም።

ዓይነቱ ምንም ይሁን ምን፥ የመስተዋት ስብራት ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከጠርዙ ነው። በጠርዙ ላይ ያለች ጥቂት ስንጥር በጭነት ጊዜ እየረዘመች ትሄዳለች። በዚህም ምክንያት የአራቱም ጐን ጠርዝ ታሽቶ ለስላሳ መሆኑ ለእጅ ደኅንነት ብቻ ሳይሆን ለመስተዋቱ ዕድሜ ጭምር ነው።

ስለ ደጋፊዎቹ

አብዛኞቹ ቁም ሣጥኖች መደርደሪያውን የሚይዙት በጐን ሳንቃዎቹ ላይ በተሰኩ አራት የብረት ችንካሮች ነው። በፋብሪካ በሚሠሩት ዘንድ የቀዳዳው ስፋት ብዙ ጊዜ 5 ሚሊሜትር፥ ከአንዱ ቀዳዳ እስከ ሌላው ያለው ርቀትም 32 ሚሊሜትር ነው። አናጢው ራሱ ቀዳዳውን የሚበሳ ከሆነ የያንዳንዱን ከፍታ በሜትር ለየብቻ ከመለካት ይልቅ፥ ቀዳዳ የተበሳበትን አንድ ቀጥ ያለ እንጨት እንደ መለኪያ አድርጎ በአራቱም ማዕዘን ላይ ከታች ጀምሮ ቢያቆም ቀዳዳዎቹ ሁሉ እኩል ይሆናሉ። የትራፓኖው ፑንታ ሳንቃውን አልፎ እንዳይወጣም በጥልቀቱ ልክ ምልክት ይደረግበታል።

ችንካሩ ከሳንቃው ወጥቶ የሚታየው ክፍል ቢያንስ 1 ሴንቲሜትር ይሁን፤ መስተዋቱ የሚያርፍበትም ፊቱ ክብ ከሚሆን ጠፍጣፋ ቢሆን ይመረጣል። የመስተዋቱ ርዝመት ከቁም ሣጥኑ የውስጥ ስፋት በ2 ወይም በ3 ሚሊሜትር ብቻ ያንሳል። ከዚህ የበለጠ ካነሰ መስተዋቱ ወደ አንድ ጐን ተንሸራቶ ከሌላው ጐን ችንካር ሊወርድ ይችላል፤ ምንም ካላነሰ ደግሞ ሲገባና ሲወጣ ጠርዙ ይመታል። ቁም ሣጥኑ ከቺፑድ የተሠራ እንደ ሆነ ቀዳዳው በጊዜ ብዛት ስለሚሰፋ በውስጡ የብረት ቀለበት ማስገባት ያስፈልጋል። ከእንጨት የተሠራም በበጋ ይደርቃል፥ በክረምት ርጥበት ይጠጣል፤ በዚህ መፈራረቅ የጐን ሳንቃው ወደ ውጭ ሊለመጥ ስለሚችል ከወገቡ ላይ አንድ የማይነቃነቅ መደርደሪያ በብሎን ቢታሰርበት ሁለቱ ጐኖች እንዳይራራቁ ይይዛቸዋል።

መስተዋቱ ከግድግዳ በወጡ ሁለት የብረት ክንዶች ላይ የሚያርፍ ከሆነ ክንዶቹን በሁለቱ ጫፎች ላይ ማድረግ ተገቢ አይደለም። ከያንዳንዱ ጫፍ የርዝመቱን አንድ አምስተኛ ያህል ወደ ውስጥ ቢገቡ፥ በእኩል በተዘረጋ ጭነት ጊዜ በመስተዋቱ ላይ የሚደርሰው ጭንቀት ጫፍ ላይ ካሉት ጋር ሲነጻጸር ወደ ስድስተኛ እጅ ገደማ ይወርዳል። ሆኖም ከክንዱ ውጭ የቀረውን ጫፍ ሰው ቢደገፈው ሌላው ጐን ሊነሣ ስለሚችል መስተዋቱ በክንዶቹ ላይ በመያዣ መታሰር አለበት።

ስለ ጸጥታ

ባለ ሦስት እግር በርጩማ ወለሉ ጐርበጥባጣ ቢሆንም ሳይወላገድ ይቆማል፤ ባለ አራት እግር ወንበር ግን ወለሉ ካልተስተካከለ አንዱ እግሩ ይንጠለጠላል። መስተዋትም እንዲሁ ነው። ከአራቱ ችንካሮች አንዱ በግማሽ ሚሊሜትር እንኳ ዝቅ ቢል መስተዋቱ በሦስቱ ላይ ይቀመጥና በአራተኛው ላይ እየተነሣ እየወደቀ ይመታል። የሚሰማው መንቀጫቀጭ ይህ ነው። ጉድለቱን ለማግኘት መስተዋቱን ባዶ አድርጎ አራቱን ማዕዘኖች በየተራ በጣት መጫን ይበቃል፤ አንኳኩቶ የሚወርደው ማዕዘን ድጋፉ የጐደለው ነው። ወይም በያንዳንዱ ችንካር ላይ ቀጭን የወረቀት ቍራጭ ከመስተዋቱ ሥር ይደረጋል፤ ሲስቡት ያለ ችግር የሚወጣው የት እንደ ሆነ ጉድለቱም በዚያ ነው።

መድኃኒቱ በመስተዋቱና በብረቱ መካከል ለስላሳ ነገር ማኖር ነው። ለዚህም 1 ወይም 2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው፥ ብርሃን የሚያሳልፍ የሲሊኮን ቁልፍ በየችንካሩ ላይ ማጣበቅ፥ ወይም ችንካሩን ከዚሁ በተሠራ ቀጭን ቱቦ ማልበስ ይቻላል። እነዚህ ጥቂት ስለሚጨመቁ አራቱም ድጋፎች ክብደቱን ይካፈላሉ፤ መስተዋቱም እንዳይንሸራተት ይይዙታል። ይህ ባይገኝ ቀጭን ቡሽ ወይም ቆዳ ይበቃል። ወረቀት አጥፎ መወተፍ ግን ለአንድ ሳምንት እንጂ ለዓመት አይሆንም፤ እየተጨመቀ ይሳሳል፥ ወድቆም ይቀራል። የጩኸቱ ምክንያት መስተዋቱ ከጀርባ ሳንቃው ወይም ከበሩ ጋር መነካካቱ፥ ወይም የተቀመጡት ብርጭቆዎች እርስ በርሳቸው መጋጨታቸው ሊሆን ስለሚችል በመካከላቸው የጣት ስፋት ያህል ቦታ መተው ያስፈልጋል።

የብር ጌጥ፥ መስቀልና ሜዳልያ የሚቀመጥበት ቁም ሣጥን ሲሆን የልስላሴው ነገር በጥንቃቄ ይመረጣል። ሱፍና ተራ ጥቁር ጎማ ድኝ ስላለባቸው በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ብሩን ያጠቁሩታል። እንደ ኮምጣጤ የሚሸተው ማጣበቂያ ሲሊኮንም እስኪደርቅ ድረስ የሚያወጣው ትነት እርሳስንና ሌላም ማዕድን ይበላል፤ ስለዚህ ሽታው ጨርሶ እስኪጠፋ ዕቃው አይገባም።

ከመንቀጥቀጥ የሚመጣ ጉዳት

ትንሽ መንቀጥቀጥ ምን ሊያደርግ እንደሚችል በእንግሊዝ አገር በማንችስተር ቤተ መዘክር የታየው ነገር ያስረዳል። በ2013 እ.ኤ.አ. ነብ ሰኑ የተባለ የግብፅ ሰው ምስል፥ ቁመቱ 25 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነና ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1800 ዓመት አካባቢ የተቀረጸ፥ በተቈለፈ ሣጥን ውስጥ በመስተዋት መደርደሪያ ላይ ቆሞ ሳለ ቀን ቀን ቀስ እያለ ሲዞር ተገኘ። አንዳንዱ ሰው የጥንት መንፈስ ነው አለ። ነገሩ በመሣሪያ ሲመረመር ግን በመንገዱ ከሚያልፉት መኪናዎችና ከጐብኚዎች እርምጃ የሚመጣው መንቀጥቀጥ ወደ መደርደሪያው ይደርስ እንደ ነበረ፥ የምስሉም ታች በጥቂቱ ያበጠ ስለ ሆነ በዚያ ላይ ይዞር እንደ ነበረ ታወቀ። የዞረ ምስል ቢቆይ ወደ ጠርዝ ሊደርስ ይችላል። ከሥሩ ለስላሳና የማያንሸራትት ነገር ማድረግ የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው።

በአፍሪቃ ቀንድ ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ምክንያት አለ። በ1921 እ.ኤ.አ. ምጽዋን የጐዳው የመሬት መንቀጥቀጥ የሚታወስ ነው። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ በተደጋጋሚ የደረሰውም እስከ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። እንዲህ ባለ አገር ቁም ሣጥኑ ራሱ ከግድግዳ ጋር በብሎን መታሰር፥ ችንካሮቹም መስተዋቱን ከላይ ጭምር የሚይዙ ባለ መንጋጋ መሆን፥ ከባዱም ዕቃ ከታችኛው መደርደሪያ ላይ መቀመጥ ይገባዋል።

በርክክብ ጊዜ ስለሚደረግ ምርመራ

ለመሥሪያ ቤት፥ ለትምህርት ቤት ወይም ለመድኃኒት ቤት ቁም ሣጥን ሲታዘዝ በውሉ ላይ “የመስተዋት መደርደሪያ” ብሎ መጻፍ ብቻ አይበቃም። የመስተዋቱ ውፍረትና ዓይነት፥ የጠርዙ መታሸት፥ የችንካሩ ዓይነትና ልስላሴው፥ እያንዳንዱ መደርደሪያ የሚሸከመው ኪሎ በግልጽ ሊጻፍ ያስፈልጋል። ተቀባዩ ሹምም ከመፈረሙ በፊት አምስት ነገር ይመርምር፤ ቁም ሣጥኑ በውሃ ልክ መቆሙን፥ አራቱ ማዕዘኖች በጣት ሲጫኑ አለመንቀሳቀሳቸውን፥ ጠርዙ ስንጥር የሌለበት መሆኑን፥ መስተዋቱ ወደ አንድ ጐን ተገፍቶ በሌላው ጐን ካለው ችንካር አለመውረዱን፥ በመጨረሻም አንድ ሰው በአጠገቡ ጠንከር ብሎ ሲራመድ ድምፅ አለመስጠቱን። ይህ ሁሉ ከሩብ ሰዓት የበለጠ አይፈጅም።

ከዚያም በኋላ በዓመት ሁለት ጊዜ፥ ይኸውም በክረምት መግቢያና በበጋ መግቢያ፥ ዕቃው ወርዶ ችንካሮቹና ልስላሴዎቹ ቢታዩ፥ የላላው ቢጠብቅና ያረጀው ቢለወጥ፥ ቁም ሣጥኑ ብዙ ዘመን ያገለግላል። የአንድ ችንካር ዋጋ ጥቂት ነው፤ እርሱ ሲወድቅ አብሮት የሚወርደው ግን የነጋዴው ጥሪት፥ የሕመምተኛው መድኃኒት፥ ወይም ሁለተኛ የማይገኝ ቅርስ ነው። መስተዋቱ ድምፅ ሲያሰማ ጆሮ የሰጠው ባለቤት በኋላ ስብርባሪ ከመልቀም ይድናል።