የመርከቡ ጢስና የመርከበኛው ደመወዝ

የምንለብሰው ጨርቅ፣ የምንጽፍበት ወረቀት፣ መኪናው የሚጠጣው ናፍጣ፣ ገበሬው በማሳው ላይ የሚበትነው ማዳበሪያ፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም አንድ ጊዜ በመርከብ ሆድ ውስጥ ያደረ ዕቃ ነው። ከዓለም የሸቀጥ ንግድ በመጠን ቢለካ ከመቶ 80 እጅ የሚበልጠው የሚጓዘው በባሕር ነው። ይህ እንዲህ ሆኖ ሳለ፣ ወደብ የሌለው አገር ልጆች ስለ ሆንን የመርከብ ነገር የሌላ ሰው ጉዳይ መስሎ ይታየናል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄ አንድ ነው። መንግሥታት መርከብን ከጢስ ለማጽዳት በሚያወጡት ፖሊሲና የጭነት ሠራተኞችን ኑሮ ለማሻሻል በሚያወጡት ሕግ መካከል ምን ግንኙነት አለ? ሁለቱ ነገሮች በየመሥሪያ ቤቱ ተለያይተው ይነገራሉ፤ አንዱ የአየር ጉዳይ፣ ሌላው የደመወዝ ጉዳይ ይባላል። እኛ ግን ሁለቱ ዕዳዎች የሚያመልጡት በአንድ በር ነው፣ የሚያዙትም በአንድ እጅ ነው እንላለን። ነገሩ በቅርብ ዓመታት በግልጽ የታየው በእንግሊዝ አገር ስለ ሆነ ለምሳሌ የምንይዘው ያንን ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1ኛ፤ በሩ ባንዲራ ነው

መርከብ እንደ ሰው ዜግነት አለው። የተመዘገበበትን አገር ባንዲራ ይሰቅላል፤ ከባሕር መካከል በሆነ ጊዜም የሚገዛው የዚያው አገር ሕግ ነው። ሐሳቡ በመሠረቱ መልካም ነበር፤ ያለ ሕግ የሚንሳፈፍ መርከብ እንዳይኖር ያደርጋል። ዳሩ ግን የመርከብ ባለቤቶች ባንዲራውን ከገዛ አገራቸው መውሰድ ግዴታቸው እንዳልሆነ ከተገነዘቡ ቆይተዋል። ዛሬ ከዓለም ትልልቆቹ የመርከብ መዝገቦች የላይቤሪያ፣ የፓናማና የማርሻል ደሴቶች ናቸው። ባለቤቱ ግሪካዊ፣ መርከበኞቹ ፊሊፒናውያን፣ ባንዲራው የላይቤሪያ የሆነ መርከብ ቢገኝ ማንም አይደነቅም። ይህን የውሰት ባንዲራ ብንለው ከእውነት አንርቅም።

የውሰት ባንዲራ ጥቅሙ ግልጽ ነው። ግብሩ ይቀላል፤ የባለቤቱ አገር የሠራተኛ ሕግና የደመወዝ ወለል አይደርስም። ጌታዋን የተማመነች በግ ላቷን ውጭ ታሳድራለች እንደሚባለው፣ ባንዲራውን የተማመነ ኩባንያም ሠራተኛውን እንደ ፈቀደ ያሳድራል።

ጢሱም በዚሁ በር ይወጣል። ትልልቆቹ መርከቦች ለብዙ ዘመን ሲያነዱ የኖሩት ድፍድፉ ዘይት ተጣርቶ ቤንዚኑና ናፍጣው ከተወሰደ በኋላ የሚቀረውን አተላ ነው፤ ጥቁርና ወፍራም ስለ ሆነ ካልሞቀ በቧንቧ አያልፍም። እስከ 2019 መጨረሻ ድረስ በዚህ ነዳጅ ውስጥ ከመቶ እስከ 3.5 እጅ ድኝ እንዲኖር ተፈቅዶ ነበር፤ ከጃኑዋሪ 1 ቀን 2020 ጀምሮ ግን ወሰኑ ወደ 0.5 ወረደ። ይህ የወደብ ከተማ ነዋሪዎችን ሳንባ የሚያድን ትልቅ እርምጃ ነው። የካርቦኑ ነገር ግን ገና ነው። በ1997 የኪዮቶ ስምምነት ሲጻፍ በአገሮች መካከል የሚመላለሱት መርከቦች ጢስ ከየትኛውም አገር ሒሳብ ውስጥ ሳይገባ ቀረና ለዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት ተላለፈ። የዓለም መርከቦች በ2018 ያወጡት ከሰው ልጅ የሙቀት አማቂ ጋዝ ከመቶ ወደ 3 እጅ የሚጠጋ ነበር። መርከቦቹ በሙሉ አንድ አገር ቢሆኑ ኖሮ ጢሳቸው ከጀርመን ይበልጥ ነበር ማለት ነው። ይህ ሁሉ ጢስ በማን ስም ይጻፍ? በባለቤቱ? በባንዲራው? በዕቃው ገዢ? መልሱ ሲንከባለል ዓመታት አለፉ።

2ኛ፤ መስመሩን ማን ያሥምር?

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመት አንዳንድ የእንግሊዝ መርከብ ባለቤቶች ያረጀ መርከብ ከአቅሙ በላይ እየጫኑ፣ በኢንሹራንስ ገንዘብ እየተማመኑ ይልኩ ነበር፤ መርከቡ ሲሰጥም ባለቤቱ ገንዘቡን ይቀበላል፣ የመርከበኛው ሚስት ግን ባሏን ታጣለች። ሳሙኤል ፕሊምሶል የተባለው የምክር ቤት አባል ይህን ሲቃወም ኖሮ፣ በ1876 በወጣው ሕግ በመርከቡ ጎን ላይ የጭነት ወሰን መስመር እንዲሣል ታዘዘ። ነገር ግን መስመሩ የሚሣልበትን ቦታ እንዲመርጥ የተፈቀደው ለባለቤቱ ለራሱ ነበር። ቦታው በሕግ የተወሰነው በ1890ዎቹ ነው።

ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። ወሰኑን የሚያሠምረው ተወሳኙ ራሱ የሆነ እንደ ሆነ ሕጉ ቀለም ብቻ ነው። ዛሬም ባለቤቱ ባንዲራውን እንዲመርጥ መፍቀድ መስመሩን የት እንደሚያሠምር እንዲመርጥ መፍቀድ ነው።

3ኛ፤ የ2022 ድርጊት

በማርች 17 ቀን 2022 ፒ ኤንድ ኦ ፌሪስ የተባለው ኩባንያ 786 የሚሆኑ መርከበኞቹን አስቀድሞ በተቀዳ የቪዲዮ መልእክት ከሥራ አሰናበተ። ኩባንያው የበርበራን ወደብ የሚያስተዳድረው የዱባዩ ዲፒ ወርልድ ንብረት ነው። በተሰናባቾቹ ቦታ በአስቀጣሪ ድርጅት በኩል የመጡ ሠራተኞች ተተኩ። ከሳምንት በኋላ የኩባንያው ሹም በምክር ቤቱ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ሲጠየቅ፣ የአዲሶቹ ሠራተኞች አማካይ ክፍያ በሰዓት 5 ፓውንድ ከ50 ፔንስ መሆኑን ተናገረ፤ ሕጉ ኩባንያው አስቀድሞ ከሠራተኞች ማኅበር ጋር እንዲመክር ያዝ እንደ ነበረና ላለመምከር እንደ መረጡም አመነ። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ ምድር ለዐዋቂ ሠራተኛ የተወሰነው ዝቅተኛ ክፍያ በሰዓት 8 ፓውንድ ከ91 ፔንስ ነበር።

ታዲያ ከዶቨር ወደብ የሚነሣ መርከብ እንዴት ከዚህ በታች ሊከፍል ቻለ? መልሱ አሁንም ባንዲራው ነው። በዶቨርና በካሌ መካከል የሚመላለሱት የኩባንያው መርከቦች በቆጵሮስ የተመዘገቡ ነበሩ፤ መንገዳቸውም ከአገር ወደ አገር ስለ ሆነ የእንግሊዝ የደመወዝ ወለል አይነካቸውም ነበር። በኦገስት 2022 የወንጀል ክስ እንደማይመሠረት ተገለጸ። ቁጣው ብዙ ነበር፤ የሚይዘው እጅ ግን አልነበረም።

4ኛ፤ እጁ ወደብ ነው

መንግሥት የሌላ አገር ባንዲራ የሰቀለን መርከብ በባሕር መካከል ማዘዝ አይችልም። መርከብ ግን ዘወትር በባሕር ላይ አይኖርም፤ ጭነቱን የሚያራግፈው ወደብ ላይ ነው፣ ወደብ ደግሞ የአንድ አገር መሬት ነው። እነሆ ፖሊሲ ጉልበት የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው።

በማርች 2023 በእንግሊዝ የባሕረኞች የደመወዝ ሕግ ጸደቀ። በዓመት ቢያንስ 120 ጊዜ ወደ እንግሊዝ ወደብ የሚመላለስ መርከብ፣ ባንዲራው የየትም ይሁን፣ በእንግሊዝ ውኃ ላይ ላለበት ጊዜ ለሠራተኞቹ ከደመወዝ ወለሉ ያላነሰ እንደሚከፍል ማረጋገጫ ማቅረብ አለበት። ያላቀረበው ተጨማሪ ክፍያ ይጠየቃል፤ እንቢ ካለም ወደብ ሊከለከል ይችላል። ፈረንሣይም በዚያው ዓመት ይህን የመሰለ ሕግ አወጣች። ጉድለት የለውም አንልም፤ ከሩቅ አገር በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚመጣው ትልቁ የኮንቴይነር መርከብ አይነካም።

በጢሱም በኩል የተደረገው ይኸው ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከ2024 ጀምሮ ከ5,000 ቶን በላይ የሆኑ መርከቦች ለሚያወጡት ካርቦን እንዲከፍሉ አድርጓል፤ በኅብረቱ ወደቦች መካከል ለሚደረግ ጉዞ በሙሉ፣ ከውጭ ለሚመጣ ወይም ወደ ውጭ ለሚሄድ ጉዞ በግማሽ ይታሰባል። እዚህም ባንዲራ አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው ወደቡን መንካቱ ነው። እንግሊዝም በአገር ውስጥ ለሚመላለሱት ትልልቅ መርከቦች ተመሳሳይ ክፍያ ከጁላይ 2026 ጀምሮ እንዲሆን ወስናለች፤ በማርች 2025 ባወጣችው ዕቅድም የመርከቦቿን የሙቀት አማቂ ጋዝ በ2050 ወደ ባዶ ለማድረስ አስባለች።

እንግዲህ የደመወዙ ሕግና የጢሱ ሕግ አሠራራቸው አንድ መሆኑን ልብ እንበል። ሁለቱም ባንዲራውን ትተው ወደቡን ያዙ።

5ኛ፤ ሁለቱን መነጣጠል ለምን ይጎዳል?

አንዳንድ ሰዎች፣ አስቀድመን አየሩን እናጽዳ፣ የሠራተኛው ነገር በኋላ ይደርሳል ይላሉ። ይህ አነጋገር ሁለት ነገሮችን ይዘነጋል።

አንደኛ፣ ለአተላው ምትክ ከታሰቡት ነዳጆች መካከል አሞኒያ ሲተነፍሱት የሚገድል ጋዝ ነው፤ ሜታኖል መርዝ ነው፣ በቀላሉም ይቀጣጠላል። በእነዚህ መካከል የሚውለው ሰው በማሽን ክፍል ውስጥ ያለው መርከበኛ ነው። በ2022 የወጣ ጥናት እስከ 2030ዎቹ አጋማሽ እስከ 800,000 የሚደርሱ ባሕረኞች አዲስ ሥልጠና ሊያስፈልጋቸው እንደሚችል ገምቷል። በርካሽ የተቀጠረ፣ በየወሩ የሚለወጥ፣ እንቅልፍ ያላገኘ ሰው ይህን ማሽን በደኅና ይጠብቃል ብሎ ማመን ሞኝነት ነው። ዓለም አቀፉ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10 ሰዓት ዕረፍት ያዛል፤ ይህ ለምቾት ብቻ የተጻፈ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ሰው የሸሸው ሥራ ፖሊሲን ሁሉ ያቆማል። በ2021 በእንግሊዝ የከባድ መኪና ሾፌር ጠፍቶ በሴፕቴምበር ወር ሕዝብ በየነዳጅ ማደያው ተሰለፈ። ወረርሽኙና ከአውሮፓ ኅብረት መውጣት ምክንያት ሆነዋል፤ ነገር ግን ሾፌሮቹ ራሳቸው ይናገሩ የነበረው ስለ ክፍያው ማነስ፣ በመንገድ ዳር ስለ ማደርና ስለ መጸዳጃ ቤት መጥፋት ነበር። መንግሥትም በዚያው ዓመት ለሾፌሮች ማረፊያ ማሻሻያ 32.5 ሚሊዮን ፓውንድ መደበ። ነገሩ ቀድሞ ቢታሰብ ኖሮ ሰልፉ ባጠረ ነበር።

6ኛ፤ እኛን ምን ይመለከተናል?

ከአገራችን የውጭ ንግድ ከመቶ 90 እጅ የሚበልጠው በጂቡቲ በኩል ያልፋል። በ1964 የተቋቋመው የመርከብ ድርጅታችን የራሳችንን ባንዲራ ይሰቅላል፤ ወደብ ባይኖረንም የባንዲራ አገር ነን ማለት ነው። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሠልጥነው ለውጭ መርከቦች በማሽን መኮንንነት የሚቀጠሩት እንደ እኛው ያሉ ወጣቶች ናቸው። የሚገቡበት መርከብ ባንዲራ የማን እንደ ሆነ፣ ውላቸው በየትኛው ሕግ እንደሚዳኝ ማወቅ ለእነርሱ የእንጀራና የሕይወት ጉዳይ ነው።

በየብስም በኩል ጥያቄው ያው ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ጂቡቲ የሚሄደውና በጃኑዋሪ 2018 ሥራ የጀመረው ባቡር በኤሌክትሪክ ይሄዳል፤ የአገራችን ኤሌክትሪክ ደግሞ ከሞላ ጎደል ከውኃ የሚመነጭ ስለ ሆነ ባቡሩ ንጹሕ ነው። ሆኖም አብላጫው ጭነት ዛሬም የሚመጣው በከባድ መኪና፣ በጋላፊ በኩል፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ነው። ሾፌሩና ረዳቱ ወረፋ ሲጠብቁ ከመኪናው ሥር ጥላ ፈልገው ይተኛሉ። ጭነቱ ወደ ባቡር ይዙር ስንል፣ እነዚህ ሰዎች ወዴት ይዙሩ የሚለውን ጥያቄ ከዕቅዱ ጋር አብረን ካላነሣን፣ አየሩን በሾፌሩ እንጀራ ማጽዳታችን ነው።

እርግጥ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። የነዳጁና የደመወዙ ዋጋ ከፍ ሲል የመርከብ ኪራይ ይጨምራል፤ የሚጎዳውም እንደ እኛ ያለ ድሃና ወደብ አልባ አገር ነው ይባላል። ይህ ሐሰት አይደለም። በኤፕሪል 2025 ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት ለንደን ላይ የተቀበለው ረቂቅም ከጢሱ የሚሰበሰበው ገንዘብ በከፊል ታዳጊ አገሮችን እንዲረዳ ያስብ ነበር፤ በኦክቶበር 2025 ግን የመጨረሻው ውሳኔ በአንድ ዓመት እንዲዘገይ ተደረገ። እንግዲህ የእኛ አቋም፣ ዋጋው ይቅር ማለት ሳይሆን ገንዘቡ በትክክል ይከፋፈል ማለት መሆን አለበት። ምክንያቱም ርካሹ ኪራይ በእውነት ርካሽ አይደለም፤ ቀሪውን ሒሳብ በወደብ ዳር የሚኖረው ሕፃን በሳንባው፣ መርከበኛው በእንቅልፉ፣ ገበሬው በዝናቡ መዛባት ይከፍሉታል።

በማኅበራችን የውይይት ምሽት ጓደኞቻችን ሁለት ጥያቄዎችን እንዲያነሡ እንጠይቃለን። ወደብ የሌለው አገር እጁ ምንድን ነው? የባቡሩ ዕቅድስ የሾፌሩን ስም በየትኛው ገጽ ላይ ጽፎታል? መልሱን የምናገኘው የሕጉ፣ የኢኮኖሚውና የምሕንድስናው ተማሪ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሲቀመጡ ነው።