እናት ራሷ የምታነበው መለኪያ
በችግር ጊዜ የሕፃናትን ጤና በቤት ስለ መከታተል

በድርቅ ወይም በመፈናቀል ጊዜ ጤና ኬላው ይርቃል፤ ባለሙያው ይጨናነቃል። ያን ጊዜ የጤና መከታተያ መሣሪያ የሚመዘነው ፊደል ያልቆጠረች እናት በድካሟ ሰዓት ብቻዋን ልትጠቀምበት በመቻሏ ነው። ለዚህ ትምህርት አብነት የምናደርገው የክንድ ዙሪያ መለኪያውን ጥብጣብ ነው።

ጥብጣቡ ከ6 እስከ 59 ወር ዕድሜ ላላቸው ሕፃናት ያገለግላል። በዚህ ዕድሜ የጤናማ ሕፃን የክንድ ዙሪያ ብዙም ስለማይለዋወጥ አንድ መለኪያ ለሁሉም ይበቃል፤ ሚዛን አያሻም፤ ቁጥሩንም ቀለም ተክቶታል። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቀይ፣ ከ11.5 ጀምሮ 12.5 እስካልሞላ ድረስ ቢጫ፣ 12.5 እና ከዚያ በላይ አረንጓዴ ነው። ቀይ ከባድ፣ ቢጫ መካከለኛ የምግብ እጥረትን ያመለክታሉ። በኒጀር የተካሄደ ጥናት የሠለጠኑ እናቶች ልኬት ከማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች ልኬት እንደማያንስ አሳይቷል።

ይሁን እንጂ ቀላል መሣሪያም ስሕተት አያጣውም። ጥብጣቡ ከጠበቀ ጤነኛውን ቀይ ያደርጋል፤ ከላላ የተጎዳውን ይደብቃል። ስለዚህ የሕፃኑ ክንድ ዘና ብሎ ወደ ታች እንደ ተንጠለጠለ፣ በትከሻና በክርን መካከል፣ ሥጋውን ሳይጫን ይጠምጠም። ጥብጣቡ እብጠትን አይለይም። ስለሆነም የሁለቱም እግሮች ጀርባ በአውራ ጣት ለ3 ሰከንድ ተጭኖ ሲለቀቅ ጎድጉዶ ከቀረ፣ ቀለሙ አረንጓዴ ቢሆን እንኳ ሕፃኑ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። ቀይ ሲታይም እንዲሁ ነው።

መለኪያ ብቻውን ግን አያድንም። ቀዩን ያየች እናት መሄጃውን ካላወቀች የሚተርፋት ጭንቀት ነው። የሰበካ ጉባኤ ሥራ እዚህ ላይ ይጀምራል፤ ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጋር ተመካክሮ ጥብጣቡን ማግኘት፣ እናቶች ከቅዳሴ በኋላ የሚሠለጥኑበትን ጊዜ ማመቻቸት፣ ለሩቅ መንገድ የሚሸኝ ሰው መመደብ ይገባዋል። ውጤቱ በአደባባይ አይነገር። ካህናት አባቶችም የልጅ መክሳት የእናቲቱ ነውር እንዳልሆነ፣ ጸበልና ሕክምናም እንደማይጣሉ ለንስሐ ልጆቻቸው ቢያስረዱ፣ በኀፍረት የምትደበቅ እናት ደፍራ ትወጣለች።

ለውይይት የቀረቡ ጥያቄዎች

1. በአጥቢያችን አለካኩን የሚያውቁ እናቶች ስንት ናቸው?
2. ዛሬ ሌሊት በአንድ ቤት ቀይ ቢታይ ማን ይጠራል? በምንስ ይኬዳል?
3. ከሕክምና የተመለሰውን ሕፃን ማን ይጎበኘዋል?