ከናይሮቢ እስከ ሞያሌ፦ ብቻን ነድቶ፣ በመኪና አድሮ

ናይሮቢ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ወደ ሰሜን ሲያስብ የሚታየው ሁለት አማራጭ ነው፤ አንዱ የአውሮፕላን ትኬት፣ ሌላው ከኢስሊ ተነሥቶ ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ ሞያሌ የሚያደርስ አውቶቡስ። በሁለቱም መሀል ያለው አገር ሳይታይ ያልፋል። ድሮ ከኢሲዮሎ በላይ የሚሄዱ መኪኖች በፖሊስ ታጅበው፣ በኮረኮንች ላይ እየተንገጫገጩ ነበር የሚጓዙት። እ.ኤ.አ. በ2017 ገደማ አስፋልቱ ተጠናቆ ይህ ቀርቷል። ዛሬ ከናይሮቢ እስከ ሞያሌ ወደ 780 ኪሎ ሜትር የሚሆነው መንገድ አስፋልት ስለሆነ ትልቅ ላንድክሩዘርና ጣሪያ ላይ የሚዘረጋ ድንኳን የግድ አይደለም። ፍራሽ የተነጠፈበት ቶዮታ ኖህ ወይም ፕሮቦክስ ይበቃል።

ይህ መመሪያ ብቻውን ለሚሄድ ሰው ነው። ሁለት ሲሆኑ አንዱ ሲነዳ ሌላው ያርፋል፤ አንዱ ጎማ ሲፈታ ሌላው መንገዱን ያያል። ብቻውን የሆነ ሰው ግን ሦስት ነገር መጠበቅ አለበት፦ አስፋልት አይለቅም፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይቆማል፣ አጥር ውስጥ ያድራል።

1. መኪናውን ተጋድመው ይምረጡ

ከመግዛትዎ ወይም ከመከራየትዎ በፊት የኋላ ወንበሩን አጣጥፈው፣ ጫማዎን አውልቀው ይጋደሙ። አናትዎ የፊት ወንበሩን፣ እግርዎ የኋላ በሩን ሳይነካ ከተዘረጉ መኪናው ይሆንዎታል። ባለመኪናው ቢስቅ ይሳቅ። ፕሮቦክስ ርካሽ ነው፤ መለዋወጫው በየከተማው ይገኛል፣ ቤንዚንም አይበላም። ጉዳቱ ጣሪያው ዝቅ ማለቱ ነው፤ ውስጡ ቀና ብሎ ልብስ መቀየር አይቻልም። ኖህ ሰፊ ነው፤ ብዙ መስኮት ስላለው ግን መጋረጃ ይፈልጋል።

እኔ ብቻውን ለሚሄድ ሰው ኖህን እመርጣለሁ። ምክንያቱ ስፋቱ ሳይሆን ከአልጋው ተነሥቶ፣ በር ሳይከፍት፣ በሁለቱ የፊት ወንበሮች መሀል ሾልኮ መሪው ጋ መድረስ መቻሉ ነው። ሌሊት ሰው መስኮት ቢያንኳኳ ወይም ዝሆን አጠገብዎ ቢቆም ሞተር አስነሥቶ መሄድ እንጂ ወጥቶ ማየት አያስፈልግም። ጣሪያ ላይ በሚዘረጋ ድንኳን የተኛ ሰው ይህን ማድረግ አይችልም፤ መሰላል መውረድ፣ ድንኳን ማጠፍ አለበት። በዚያ ላይ የሁለተኛው ቀን ማደሪያ የሆነው የማርሳቢት ነፋስ አለ። ከማርሳቢት በስተ ምዕራብ፣ በቱርካና ሐይቅ አቅራቢያ፣ 365 ተርባይን ያለው የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው ያለ ምክንያት አይደለም። ያ ነፋስ የጣሪያ ድንኳን ሸራ ሌሊቱን ሙሉ ሲያርገበግብ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም።

የሚከራዩ ከሆነ ውሉ ከኢሲዮሎ በላይ መሄድን ይፈቅድ እንደሆነ ጠይቀው በጽሑፍ ይያዙ።

2. አልጋውን ያሠሩ

ንጎንግ ሮድ ዳር ዕቃ ከሚሠሩት የጁዋ ካሊ አናጢዎች አንዱን ልኩን ሰጥተው ማሠራት ይቻላል። ከወለሉ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያለ የኮምፖርሳቶ መደብ፣ በላዩ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ስፖንጅ ፍራሽ ይበቃል። ከሥሩ የፕላስቲክ ሣጥኖች ይገባሉ፤ ማታ ማታ የሚፈለገው በኋላ በር በኩል፣ ሌላው ወደ ውስጥ። አናጢው መደቡን አስቀምጦ ብቻ ሊሸኝዎት ይሞክራል፤ እሺ አይበሉት። መደቡ በወንበሩ ብሎን ቀዳዳ በኩል ከመኪናው ጋር መታሰር አለበት። በድንገት ፍሬን ሲይዙ ያልታሰረ ጣውላ መጥቶ የሚያርፈው ጀርባዎ ላይ ነው።

ለመስኮቶቹ ጥቁር መጋረጃ፣ ለሁለቱ ደግሞ የትንኝ መረብ ያሰፉ። በሚተኙበት ጊዜ በሁለት በኩል ሁለት ጣት ያህል መስኮት ክፍት ይሁን። የመኪናው ቁልፍ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይቀመጥ፤ በአልጋውና በመሪው መሀል ምንም ዕቃ አይኑር።

3. መካኒክ ጋ ይሂዱ፣ ቆመው ይዩ

ጎማ ሲያዩ ጥርሱን ብቻ አይዩ፤ ዕድሜውንም ይዩ። ጎን ላይ አራት አኃዝ ተጽፎ ያገኛሉ። 2321 የሚል ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2021 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ያላለቀ ያረጀ ጎማ ከኢሲዮሎ በላይ ባለው በአርቸርስ ፖስት ሙቀት ላይ ይፈነዳል። ስኮርታው ንፋስ እንዳለው ይፈተሽ፤ ቺንጋ፣ የራዲያተር ቱቦ፣ የፍሬን ሸራ፣ የባትሪ ተርሚናል ይታይ። ትርፍ ቺንጋና ፊዩዝ ከኪሪንያጋ ሮድ ገዝተው ይያዙ።

ከዚያ በኋላ ግቢዎ ውስጥ አንድ ጎማ ብቻዎን ይፍቱና ይግጠሙ፤ በመኪናው ክሪክ፣ በመኪናው መፍቻ። ጎሚስታ በማሽን ያጠበቀው ብሎን በእጅ አልፈታ የሚልበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ይህን ቤት ሆኖ ማወቅ ይሻላል። ክሪኩ አሸዋ ውስጥ እንዳይሰምጥ ከሥሩ የሚነጠፍ ጠፍጣፋ ጣውላም ይያዙ። ሁለት የማስጠንቀቂያ ሦስት ማዕዘን፣ የእሳት ማጥፊያና የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን አይቅር።

4. ወረቀት

ፓስፖርት ወይም የውጭ ዜጋ መታወቂያ፣ መንጃ ፈቃድ፣ ኬንያውያን ሎግቡክ የሚሉት የሊብሬ ቅጂ፣ ኢንሹራንስ። መታወቂያው ዋናው ይሁን፤ ከኢሲዮሎ በላይ ባሉት ኬላዎች ስልክ ላይ ያለ ፎቶ አያሳልፍም። መስመሩ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ በሕገ ወጥ መንገድ የሚወሰዱበት ስለሆነ ፖሊስ የአበሻ ፊት ሲያይ ጠበቅ ያደርጋል። አይቆጡ፣ አይቸኩሉ፤ ሞተር አጥፍተው፣ መስኮት ከፍተው፣ እጅዎን መሪው ላይ አድርገው ይጠብቁ። የስደተኛ መታወቂያ ያለው ሰው ከመነሣቱ በፊት የጉዞ ፈቃዱን ነገር ናይሮቢ ያጣራ።

5. ስንቅ

የካምፕ ምግብ መመሪያዎች ሁሉ ስለ ታሸገ ባቄላና ማቀዝቀዣ ያወራሉ። ለእኛ ይህ ጥያቄ ድሮ ተመልሷል፤ የአገራችን የስንቅ ዓይነት ማቀዝቀዣ አይፈልግም። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ በትንሽ ብልቃጥ ቅቤ። ይህን ይዞ የሚሄድ ሰው ኢሲዮሎ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም ብቻ ነው የሚገዛው። ማታ ሽንኩርት ቁሌት፣ ቋንጣ ጣል፣ ውሃ ጨምሮ ድርቆሹን መፈርፈር፤ አንድ ድስት፣ አንድ ማንኪያ፣ ጥቂት የማጠቢያ ውሃ። ጠዋት በሶ በጥብጦ ጠጥቶ መንገድ መጀመር ነው። ድርቆሹን ብቻ አየር በማያስገባ ጣሳ ይያዙ፤ የማርሳቢት ጭጋግ በአንድ ሌሊት ያላሽቀዋል።

ለማብሰያ ኬንያ ውስጥ ሜኮ የሚባለው፣ ምድጃው ከላዩ የሚገጠም ባለ 6 ኪሎ ጋዝ ጥሩ ነው። ከመኪናው ውጭ ብቻ ያብስሉ። በጀበና ቡና ማፍላት የሚወድ ሰው ከሰል ለመያዝ ይፈተናል፤ ይያዝ፤ ግን የጋመም ይሁን ሊጠፋ የደረሰ ከሰል መኪና ውስጥ አያስገባ። በዝግ ቤት ከሰል ይዞ ተኝቶ የቀረ ሰው ወሬ ሁላችንም ሰምተናል፤ መኪና ደግሞ ከቤት የጠበበ ነው።

ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ይዘው ይነሡ፤ በየከተማው እየሞሉ ይሂዱ።

6. ናይቫሻ ላይ አንድ ሌሊት ይሞክሩ

ናይቫሻ ከናይሮቢ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሐይቁ ዳር አጥር ያላቸው ካምፖች አሉ። ጉማሬዎቹ ሌሊት ለግጦሽ ስለሚወጡ ከአጥሩ አይለፉ። የረሱት፣ የጎደለው፣ የሚንጫጫው ሁሉ እዚያ ይታወቃል። ትልቁን ጉዞ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ረጅሙ ዝናብ ጊዜ አያድርጉት።

7. ጉዞው

ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ኬንያውያንም በስዋሂሊ ሲያወሩ እንደኛው ነው የሚቆጥሩት፤ በእንግሊዝኛ ሲሆን ግን በፈረንጅ፤ ቀጠሮ ሲይዙ ያስተውሉ።

የመጀመሪያው ቀን። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥተው የቲካን መንገድ ሳይጨናነቅ ይለፉ። ናንዩኪ መግቢያ ላይ የምድር ወገብ ምልክት አለ። በቀዳዳ ሳህን ውሃ እያሽከረከሩ ከመስመሩ ወዲህና ወዲያ አቅጣጫው ሲለወጥ የሚያሳዩት ወጣቶች ጎበዝ ተዋንያን ናቸው፤ የውሃው አዟዟር ግን ከአፈሳሳቸው እንጂ ከምድር ወገብ አይመጣም። ከናንዩኪ በኋላ በስተ ቀኝ 5,199 ሜትር ከፍታ ያለውን የኬንያ ተራራ እያዩ፣ በቲማው የስንዴ ማሳ መሀል በብርድ ይሄዳሉ። ከዚያ ወደ ኢሲዮሎ ረጅም ቁልቁለት አለ። ይህን በፍሬን ሳይሆን በማርሽ ይውረዱት፤ አውቶማቲክ ከሆነ ዝቅተኛውን ማርሽ ያስገቡ። የጎማ ቃጠሎ የመሰለ ሽታ ከመጣ ፍሬኑ ግሏል፤ ዳር ይዘው ያቀዝቅዙት። ጫት የጫኑ የሜሩ መኪኖች ከኋላ ሲመጡ መንገድ ይልቀቁላቸው፤ ከእነሱ ጋር አይፎካከሩም።

ኢሲዮሎ ነዳጅ ሞልተው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሄዱ አርቸርስ ፖስት ነው። እዚያ በኤዋሶ ንጊሮ ወንዝ ዳር የኡሞጃ ሴቶች ካምፕ አለ። እ.ኤ.አ. በ1990 ሬቤካ ሎሎሶሊና ሌሎች የሳምቡሩ ሴቶች ያቋቋሙት፣ ወንድ የማይኖርበት መንደር ነው፤ እንግዳ ግን ወንዱም ሴቱም ያድራል። ከ10 ሰዓት በፊት ይድረሱ። ወንዙ አዞ አለበትና ዕቃዎን የቧንቧ ውሃ ባለበት ይጠቡ።

ሁለተኛው ቀን። እስከ ማርሳቢት ከ220 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጠዋት አናቱ ጠፍጣፋ የሆነው የኦሎሎክዌ ተራራ ከፊት ይታያል። ከመሪሌና ከላይሳሚስ በኋላ መንገዱ ቀጥ ብሎ ይዘረጋል፤ ሰው የሚያንቀላፋውም፣ የሚፈጥነውም እዚህ ነው። ኖህ ረጅም ስለሆነ የጎን ነፋሱ ይገፋዋል፤ ከ80 አይለፉ፣ መሪውን በሁለት እጅ ይያዙ። ግመል አስፋልት ላይ ካዩ የመጀመሪያው ሲያልፍ አይነሡ፤ የኋላዎቹ ይከተላሉ።

ማርሳቢት ከበረሃው መሀል ድንገት ብቅ ያለ ደን የለበሰ ተራራ ነው። ጆሞ ኬንያታ እ.ኤ.አ. በ1970 በፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ ያስጠበቁት ረጅም ጥርስ ያለው ዝሆን አሕመድ እዚህ ነበር የሚኖረው፤ በ1974 ሞተ። ፓርኩ ውስጥ ያለው መንገድ አስፋልት አይደለም፤ ገነት ሐይቅ የሚባለውን ማየት ከፈለጉ መኪናዎን በሚያድሩበት ካምፕ አቁመው ከከተማው ባለ ሹፌር ፎር ዊል ይከራዩ። የመግቢያው ክፍያ በኢንተርኔት ነው፤ በር ላይ ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም።

ማርሳቢት ሲደርሱ ሰው ሁሉ ወደ ቻልቢ በረሃና ወደ ቱርካና ሐይቅ ይጠቁምዎታል። እውነት ነው፣ ያምራል። ግን በአንድ ትንሽ መኪና፣ ብቻዎን፣ አይሂዱ። አሸዋ ውስጥ የገባ መኪና ሌላ መኪና እንጂ ጉልበት አያወጣውም፤ ስልክም አይሠራም። ሌላ ጊዜ፣ ሁለት መኪና ሆናችሁ።

ሦስተኛው ቀን። ከመነሣትዎ በፊት ካምፑን፣ ነዳጅ ማደያውንና ፖሊስ ጣቢያውን መንገዱ ሰላም መሆኑን ይጠይቁ። በማርሳቢት አውራጃ የጎሳ ግጭት በየጊዜው ይነሣል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 መንግሥት የሰዓት እላፊ እስከማወጅ ደርሶ ነበር። ሦስቱም ሰላም ነው ካሉ ይሂዱ፤ አንዱ ካመነታ እዚያው ይዋሉ። እስከ ሞያሌ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የዲዳ ገልገሉ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሜዳ፣ ከዚያ ቱርቢ፣ ከዚያ የሶሎሎ ኮረብቶች። ስዋሂሊው እየሳሳ ይሄዳል፤ ኦሮምኛ የሚችል ሰው ከቦረና እረኞች ጋር እንደ አገሩ ሰው ያወራል፤ ሞያሌ ሲደርሱ አማርኛውም ይበቃዎታል። ከተማው ውስጥ መኪና ውስጥ አይደሩ፤ ግቢ ያለው ሆቴል ይያዙ።

በየቀኑ ሲቆሙ ናይሮቢ ላለ አንድ ሰው ይደውሉ። ሰዓቱ አስቀድሞ ይወሰን፤ ካልደወሉ ምን እንደሚያደርግም ጭምር። «ምሽት 1 ሰዓት ካልደወልኩ እስከ 3 ጠብቅ፤ ከዚያ ካምፑ ጋ ደውል፤ እነሱ ካላዩኝ ለፖሊስ 999» ብለው የካምፑን ስልክ ትተውለት ይሂዱ። ኤም-ፔሳ በየከተማው ይሠራል፤ ኔትወርክ በሌለበት ግን ዝርዝር ሽልንግ ያስፈልጋል።

8. መመለሻው

እ.ኤ.አ. በ2020 የተመረቀውን የጋራ የድንበር ጣቢያ ተሻግሮ መኪና ይዞ ኢትዮጵያ መግባት ሌላ ወረቀትና ሌላ ዝግጅት ነው፤ መንጃውም ከግራ ወደ ቀኝ ይለወጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ሞያሌ ላይ ይመለሱ።

ሲመለሱ በአማርኛ «ወንድሜ፣ ናይሮቢ ድረስ አድርሰኝ» የሚል ልጅ መምጣቱ አይቀርም። ከኋላ ደግሞ ባዶ አልጋ አለ። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣችው የሰዎች ንግድ መከላከያ ሕግ 30 ዓመትና ከዚያም በላይ እስራት ሊያስፈርድ የሚችል ነው፤ ወረቀት የሌለው ሰው መኪናዎ ውስጥ ከተገኘ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ እርስዎ ነዎት። በመንገድ ዳር ያገኙት አገር ልጅ ነው ብሎ ለፖሊስ ማስረዳት ቀላል አይደለም። ውሃ ይስጡት፣ ዳቦ ይግዙለት፣ ከኪስዎ ጥቂት ይጨምሩለት። በሩን ግን ቆልፈው ይነዱ፤ ኢሲዮሎ ኬላ ላይ ፖሊሱ የኋላውን ክፈት ሲል ፍራሽና ድርቆሽ ብቻ ይታይ።